ገበጣን ስልክ ውስጥ ለመክተት፤ መጀመሪያ ግን የማንን ገበጣ?

እስቲ ከቀላሉ እንጀምር። ኮድ መጻፍ ለሚችል ሰው (ዘንድሮ ደግሞ ማን የማይችል አለ?) ገበጣን የሞባይል አፕ ማድረግ የቅዳሜና የእሁድ ሥራ ነው። አሥራ ሁለት ጉድጓድ ማለት በተራ የተቀመጡ አሥራ ሁለት ቁጥሮች ማለት ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠር አንስቶ ለቀጣዮቹ አንድ አንድ ማደል ደግሞ፣ አንዱን ቁጥር ዜሮ አድርጎ በሚቀጥሉት ላይ አንድ አንድ እየደመሩ መሄድ ነው። ሥዕል የሚችል ጓደኛ ካላችሁ ከዋንዛ የተጠረበ የሚመስል ሰሌዳ ይሠራላችኋል። ከጀርባው ክራር፣ ከዳሩ ጥለት ጣል ይደረግበታል። አለቀ ደቀቀ፣ ወደ ፕሌይ ስቶር!

ችግሩ የሚመጣው ከመካከላችሁ አንዱ “ቆይ፣ ሕጉ ግን ምንድን ነው?” ያለ ዕለት ነው።

አንዱ አባቱ ጋ ይደውላል፣ ሌላዋ አያቷ ጋ። አባትየው ሸዋ ያደጉ ናቸው፣ አያትየዋ ዓድዋ። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ስታርፍ ተራው ያልቃል ወይስ የባላጋራ ይበላል? ጠጠር ያለበት ላይ ስታርፍስ፣ ያለውን ሁሉ አንስቶ መቀጠል ነው ወይስ ማቆም? የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? አባትና አያት አይስማሙም። ጭራሽ ሁለቱም “ገበጣ ማለት እንዲህ ነው፣ ሌላው የልጆች ቀልድ ነው” ባይ ናቸው። ያን ጊዜ ምስኪኑ ፕሮግራመራችን ምን ያደርጋል? ጉግል ላይ “ማንካላ” ብሎ ይጽፍና መጀመሪያ የመጣለትን ሕግ ይገለብጣል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ መጀመሪያ የሚመጣው ሕግ የሸዋም የዓድዋም አይደለም፤ የማን እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንዳለ በደንብ የሚታወቅ የአንድ አሜሪካዊ ሕግ ነው። እንዴት እዚህ ደረስን? (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ አደራ እንዳትደናገሩ።)

መቼም የኛ ነገር ሲነሳ “ከሁሉም በፊት የጀመርነው እኛ ነን” ሳይባል አይታለፍም። ገበጣም ላይ ይባላል። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው መጠራና በየሓ የተገኙ፣ ከ6ኛውና ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው የተባሉ የሸክላ ስብርባሪና አለት ላይ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች ይጠቀሳሉ። ደግ፣ ይሁን። ነገር ግን አለት ላይ ያለ ጉድጓድ ስንት ጠጠር እንደሚገባበት አይናገርም። በጥንታዊነት ፉከራ ደግሞ አፕ አይሠራም። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅሙን ሕጉን ወረቀት ላይ ለማስፈር የሞከሩት ሰዎች ናቸው።

ከነዚህ አንዱ እንግሊዛዊው ቴዎዶር ቤንት ነው። በ1893 ወደ ሰሜኑ የሀገራችን ክፍል መጥቶ አክሱምን ካየ በኋላ መጽሐፍ አሳተመ፤ እዚያ ውስጥ ስለ ገበጣ ጥቂት መስመር ጣል አድርጓል። ሰሌዳው 18 ጉድጓድ አለው ይላል፤ ለአንድ ተጫዋች 9፣ በየጉድጓዱ 3 ጠጠር (ደምሩት፣ 54 ይመጣል)። ጉድጓዶቹን “ቱኩል” ይሏቸዋል ብሎም ጽፏል፤ ጎጆ ማለቱ ነው። ተጫዋቾቹ በጣም እንደሚሟሟቁም አስተውሏል። አጨዋወቱስ? እሱ ላይ ሰውየው እጁን ሰጥቷል። ውስብስብ ነው፣ ልንማረው አልቻልንም ብሎ አለፈው።

ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ግን እፈርድበታለሁ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የኛ ገበጣዎች ላይ የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ካገኘች ተጫዋቹ አያቆምም። እዚያ ያለውን ሁሉ ዘግኖ ይቀጥላል፣ እንደገና ያርፋል፣ እንደገና ይዘግናል። የለመደ ሰው እጅ ደግሞ ከተመልካች ዓይን ይፈጥናል። ቤንት ያየው ጠጠር ሲዞር ብቻ ነው። ሕጉ በተጫዋቾቹ እጅ ውስጥ ነበር፤ በቃል ተናግሮ የሚያስረዳው ሰው አላገኘም፣ ወይም ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም።

ያቺ 18 ቁጥር ግን ዝም ብላ የምትታለፍ አይደለችም። ዓለም ላይ ያሉ የገበጣ ዘመዶች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ረድፍ ናቸው፤ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ እስያ። ከኬንያና ከታንዛኒያ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ደግሞ እንደ ባኦ ያሉ ባለ አራት ረድፎች ታገኛላችሁ። ባለ ሦስት ረድፉ፣ ማለትም ስድስት ስድስት ጉድጓድ በሦስት መስመር የሚደረደርበት፣ የሚገኘው በአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው። እኛ ጋ፣ ኤርትራና ሶማሌዎች ጋ። ሁለት ሰው ሦስት ረድፍ እንዴት ይካፈላል? እሱ ነው እንግዲህ ጥበቡ፤ ጎተራውን ሳይሆን ግቢውን ለሁለት መክፈል ነው።

ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን ትንሽ ታገሠ። ሀገራችንን ጎብኝቶ በተመለሰ ማግሥት፣ በ1911፣ ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከሁሉም በላይ የደከሙት ግን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። እናታቸው ሲልቪያ በመሠረቱት “ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር” መጽሔት ላይ በ1971 ስለ ገበጣ ሃምሳ ገጽ ገደማ ጻፉ። እዚያ ውስጥ መቶ ገደማ የሚሆን የአጨዋወት ዓይነት ተመዝግቧል፤ የሸዋ፣ የዓድዋ፣ የውቅሮ እየተባለ፣ አንዳንዱም “ላም ወለደች” የሚል ዓይነት ስም ይዞ። ጎጆው፣ ላሟ፣ ጥጃዋ… ጨዋታው የተሠራበት ቋንቋ የገበሬ ግቢ ቋንቋ ነው። መቶ ዓይነት! የኛው አባትና አያት በስልክ የተጣሉት ሁለቱም ልክ ስለሆኑ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ምክንያቱም ስልካችን ውስጥ የገባው ጨዋታ የመጣው ከዚያ ነው። ዊሊያም ጁሊየስ ቻምፒየን የሚባል ሰው በ1940 የማንካላን ጨዋታ ለአሜሪካ ቤተሰብ እንዲመች አድርጎ አቃለለውና “ካላህ” አለው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ረድፍ፣ ስድስት ጉድጓድ፣ ከዳር አንድ አንድ ትልቅ ጎተራ። ስታድል በራስህ ጎተራም አንድ ትጥላለህ፤ የመጨረሻዋ ጠጠር እዚያ ካረፈች ሌላ ተራ ታገኛለህ። በቃ። ሰውየው በ1950ዎቹ በፈጠራ መብት አስመዘገበው፣ ኩባንያ አቋቁሞም ሸጠው። ልብ በሉ፣ ሌባ እያልኩት አይደለም። ጨዋታ አሻሽሎ መሸጥ ነውር የለውም፤ ጨዋታውም ጥሩ ጨዋታ ነው። ግን አንድ ነገር አደረገ፤ ሕጉን አንድ አደረገው፣ ያንንም አንዱን ጽፎ አስቀመጠው። የተጻፈና አንድ የሆነ ነገር ደግሞ ለኮምፒውተር ይመቻል። እንዲያውም በጣም ከመመቸቱ የተነሳ ተመራማሪዎች በ2000 ካላህን በኮምፒውተር ፈትተው፣ በአብዛኛው ቀድሞ የጀመረው እንደሚያሸንፍ አሳዩ።

በዚያው በ2000 ዓ.ም. ኖኪያ 3310 የተባለችውን ስልክ አወጣ። የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ከፎቅ ብትወድቅ ፎቁ የሚጎዳው። ውስጧ ከእባቧ ጨዋታ ከስኔክ ጋር “ባንቱሚ” የሚባል ጌም ነበር። ስሙ አፍሪካ አፍሪካ ይሸታል፣ ሕጉ ግን የቻምፒየን ካላህ ነው። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1999 ስለሆነ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ስልክ ይቺው ወይም እህቶቿ ነበሩ። ከ2005 እስከ 2007 ቴክስት ሜሴጅ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ እንኳ ባንቱሚ አልተዘጋም (ጨዋታ ማንንም አያሠጋማ)። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ባንቱሚ የሚጫወት ወጣት በመስኮት ቢመለከት እረኞች መሬት ምሰው የሚጫወቱት ዘመዱን ያያል። ግን አላገናኘነውም። የሠፈር ልጅ ልብስ ቀይሮ ሲመጣ እንደማለፍ ያለ ነው።

ዛሬም ታሪኩ ያው ነው። ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያድጉ ልጆቻችን በአይፎን መልእክት ውስጥ ጌምፒጅን የሚባለውን ሲጫወቱ ማንካላ እዚያ አለ። ሁለት ዓይነት ነው፤ “ካፕቸር” እና “አቫላንሽ”። ካፕቸር ካላህ ነው። አቫላንሽ ግን ጠጠር ያለበት ላይ ስታርፍ ዘግነህ የምትቀጥልበት ነው። ቤንትን ያደናገረው ዓይነት መሆኑ ነው! አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አቫላንሽ ስትመርጥ ሳታውቀው ወደ አያቷ እየቀረበች ነው ማለት ይቻላል። ይህንን የሚነግራት አንድም ቃል ስክሪኑ ላይ የለም።

“ታዲያ ምን ይጠበስ? ጨዋታ ይለወጣል” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይለወጣል። ሲለወጥ ግን እንዴት እንደሚጠፋ የሚያሳይ ምሳሌ እዚሁ ቤታችን አለ፤ ሰንጠረዥ።

ዛሬ “ሰንጠረዥ” ብትሉ ወጣቱ የሚመጣለት ኤክሴል ነው፣ ወይም የኬሚስትሪ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው። ኮድ የሚጽፈው ልጅማ ዳታቤዙ ውስጥ ሃያ ሰንጠረዥ አለው። ቃሉ ግን ቼዝ ማለት ነበር፤ የፋርስና የዓረቦቹ ሻትራንጅ ነው በኛ አፍ እንዲህ የሆነው። መሳፍንቱና መኳንንቱ በቼዝ ሕግ ሳይሆን በራሳቸው ሕግ ይጫወቱት ነበር። ሄንሪ ሶልት በ1805 አንታሎ ሄዶ የትግራዩን ገዢ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጎበኝ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አገኛቸው። የጻፈውን በኔ ቃል ልንገራችሁ። መጫወቻዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ግዙፎች ናቸው፣ የባላጋራ ሲበላ በኃይል ተመትቶ ከቦታው ይነሳል። ጩኸቱ ለጉድ ነው። ዙሪያውን የቆመ ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ አስተያየት ይሰጣል፤ ይባስ ብሎ እጁን ሰዶ መጫወቻውን አንስቶ “እዚህ ጋ አድርገው!” ብሎ ያሳያል። እንዲህም ሆኖ ሁሉም በብልሃት ተረባርበው በመጨረሻ ራስ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር።

(የዛሬ ጌም ሠሪዎች ተጫዋቹ ተስፋ እንዳይቆርጥ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ እንዲሸነፍ ሲያደርጉ አዲስ ነገር የፈጠሩ ይመስላቸዋል።)

ከሁሉም የሚገርመው አጀማመሩ ነው። በቼዝ አንድ እኔ፣ አንድ አንተ ነው። በሰንጠረዥ ግን ጨዋታው ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ያሰለፈውን ይመልሳል፣ እንደገና ያሰልፋል። የመጀመሪያዋ መጫወቻ እስክትበላ ድረስ እንዲህ ነው፤ ተራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህንን ክፍል “ወረራ” ይሉታል። ምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ይህንን አጨዋወት መዝግቦታል። ደንቡ ላይ ደግሞ ወግ ተጨምሮበታል። ንጉሡን በፈረስ ወይም እንደ ካስል በሚሄደው በደር መግደል ብዙ አያስመሰግንም፤ በእግረኞች አጣድፎ መያዝ ግን ያስከብራል። ሰሌዳውም ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነው።

ፓንክረስት በ1971 ስለ ሰንጠረዥም ጽፈዋል፤ እንደሳቸው ከሆነ ጨዋታው የጠፋው ከ1930ዎቹ የጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። ወረራ ያለበትን ጨዋታ ወረራ ጨረሰው። ዛሬ የቀረን የተጓዦች ማስታወሻና የምሁራን ጥናት ነው። እጅ ለእጅ የተላለፈ ነገር የለም።

አሁን ይህን አፕ ሥሩ ብትባሉስ? ኢንተርኔት ላይ ያለውን የቼዝ ኮድ ወስዶ ሥዕሉን መቀየር ይቀላል፤ ግን ያ ኮድ ከሥሩ ጀምሮ “አሁን የማን ተራ ነው?” የሚል ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። ወረራ ይህንን ጥያቄ አያውቅም። አንድ ስክሪን ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲነካ መቀበል አለባችሁ። አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው ፍራንክፈርት ሆነው በኔትወርክ የሚጫወቱ ከሆነ ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። ሁለቱም “ቀድሜ የበላሁት እኔ ነኝ” ሲሉ ማን ይፈርዳል? የባሕር ዳሩ ኔትወርክ ሦስት ሰከንድ ዘግይቶበታልና ተሸነፈ ይባል? ጨርቁ ላይ ቢሆን እጁ ይታይ ነበር፤ ዙሪያውን የቆመው ሰውም ይፈርድ ነበር። “ተራ በተራ እናድርገውና እንገላገል” ማለት ታዲያ ይመጣል። ያን ቀን የተሠራው አፕ ስሙ ሰንጠረዥ፣ ሆዱ ቼዝ ይሆናል።

ገበጣ እዚህ ደረጃ አልደረሰም። የሚጫወቱት ሰዎች አሉ፤ ስልክ ቢደወልላቸው ያነሳሉ፣ ይከራከራሉ። አፕ ሠሪዎችም ጀምረዋል። አዲስ አበባ ያለው፣ ኩኩሉን የሠራው ቅኔ ጌምስ ገበጣንም በስልክ አቅርቧል። ሌሎችም ይመጣሉ፣ መምጣታቸውም ደስ ይላል። የኔ ፍርሃት ካላህ በጥለት ተሸፍኖ “የኢትዮጵያ ገበጣ” ተብሎ ሲወርድ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ልጅ አያቱን “እማዬ፣ አሳስተሽ ነው የምትጫወቺው፣ አፑ እንዲህ አይልም” እንዳይላት ነው። የታተመና ስልክ ላይ የተጫነ ሕግ ከአያት ቃል በላይ መታመኑ አይቀርም።

የሚገርመው ቴክኒኩ ከባድ አለመሆኑ ነው። ኔዘርላንድስ ያለው የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ከ2018 እስከ 2023 ባካሄደው ፕሮጀክት የዓለምን ባህላዊ ጨዋታዎች ሕግ እንደ ጡብ በታትኖ እንደገና የሚገጣጥም “ሉዲ” የሚባል ሶፍትዌር ሠርቷል፤ በነፃ ይወርዳል። እዚያ ውስጥ ገበጣ በየቦታው ስም ተለያይቶ ተቀምጧል፤ የሸዋው ለብቻ፣ የውቅሮው ለብቻ፣ የዓድዋው ለብቻ። ፓንክረስት የለቀሙት ማስትሪክት ድረስ ሄዶ ኮድ ሆኗል ማለት ነው። ሉዲ የተመራማሪ መሣሪያ ስለሆነ ለአያታችሁ አይመችም፣ ለታናሽ እህታችሁም አያምርም። ግን ይቻላል ለማለት ይበቃል።

እንግዲህ የምትሠሩ ሰዎች፣ ኮዱን ከመክፈታችሁ በፊት ጥያቄ ይዛችሁ ደውሉ። “ሕጉ ምንድን ነው?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ እሱ ቤንትን ያከሸፈ ጥያቄ ነው። ጠጠርና ሰሌዳ (ከሌለም የእንቁላል ካርቶን) አምጡና አብራችሁ ተጫወቱ። በመሀል እያስቆማችሁ ጠይቁ፣ ቪዲዮ ቅረጹ። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ላይ ስታርፍ ምን ይደረጋል? ስንት ጠጠር ሲሞላ ነው “ወለደች” የሚባለው? የተበላው ጠጠር የት ይቀመጣል? ሁለተኛው ዙር ሲጀመር የተሸነፈው ጎጆ ያጣል? ዙሩ አላልቅ ሲልስ? ይሄ የመጨረሻው ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በባኦ ላይ ማለቂያ የሌለው ዙር እንዳለ በሒሳብ ተረጋግጧል። ሰው ሲሰለቸው ስቆ ያቆማል፣ ያላሰባችሁበት አፕ ግን ደርቆ ይቀራል።

ከዚያ አፑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቀው “ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ” መሆኑ ይቅርና “የየት ገበጣ?” ይሁን። የቦታ ስም፣ ሕጉን የነገራችሁ ሰው ከፈቀዱ የሳቸው ስም፣ የተቀረጸበት ዓመት። ከየጉድጓዱ በላይ የሚጻፈውን ቁጥር ማጥፋት ይቻል፤ በዓይን ገምቶ መዝገን ከጨዋታው ግማሹ ነውና። ተመልካች ገብቶ የሚጮህበት ቦታም ይኑር፣ እንደ አንታሎው። የጠጠሩን ብዛት፣ የሚዞርበትን አቅጣጫ፣ የሚበላበትን ሁኔታ ሁሉ ተጫዋቹ እንዲቀይረው ክፍት ተዉት። የረድፉንም ቁጥር 2 ብላችሁ እንዳትዘጉት፤ 3 የሚገኘው እዚህ አካባቢ ብቻ ነው።